የሴት ልጅ ሰማንያ

ከሥርዓት ጋር የተጣላሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። እኔ ደግሞ በሰኔ አጋማሽ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ጮቄ ሥር ባለው ቤታችን፣ ሴት ልጅ ወለድሁ። እትብቷ ገና ሳይቆረጥ አማቴ አዩዋትና «ሰማንያ» አሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩን ለማያውቀው ልንገር። በሥርዓታችን ወንድ የወለደች ሴት አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። ቀኗ ሲሞላ ልጇን አቅፋ ትሄዳለች፤ ልጁም ያን ዕለት ይጠመቃል። እስከዚያ አራስ ናት። አትጾምም፣ አትሰግድም፣ ባሏ አይደርስባትም። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቀው ኖሬያለሁ። በሌላ ሴት ላይ ሲሆን ማወቅና በራስ ላይ ሲወድቅ ግን አንድ አይደለም።

አርባው ይሁን እሺ። ሁለተኛው አርባ ነው አላስቀምጥ ያለኝ። ወንድ የወለደችው ሴት ደም ሌላ፣ የእኔ ደም ሌላ ነው? ምጡ ለእኔ ቀለለኝ? ልጄ ሴት ስለሆነች እኔ እጥፍ ረከስሁ ማለት ነው? መደቡ ላይ ተጋድሜ ከጣራው ሣር ጋር ስጨቃጨቅ እውል ነበር። ጋብቻዬም የሰማንያ ስለነበር፣ በሰማንያ አጋብተው በሰማንያ አሰሩኝ እያልሁ በራሴ አሾፍ ነበር። አማቴ ይህን ሲሰሙ ያማትባሉ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸው ያመልጣቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ።

የንስሐ አባታችን የሥርዓት ሰው ነበሩ። አሁን ይህን ስል በአክብሮት ነው፤ ያኔ ግን ስማቸው ሲነሣ ጥርሴን እነክስ ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት አማቴ ሐሙስ ካነጠሩት ቅቤ ጣታቸው ላይ የቀረውን ሳያስቡት ላሱ። ማንም አላያቸውም። ራሳቸው ሄደው ቢናዘዙ አርባ ስግደት ተሰጣቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ጎረቤታችንን ደግሞ በቅዳሜ ሰንበት አጥር ሲያጥር አግኝተው፣ ያጠረውን ነቅሎ ሰኞ እንደ አዲስ እንዲያጥረው አድርገዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። አካሄዳቸው እንኳ የተለካ ነው፤ ሲሮጡ ያያቸው ሰው በአገሩ አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ከበራፉ ውጭ ቆመው እጃቸውን ብቻ ወደ ውስጥ ዘርግተው ረጩ። እኛ ዘንድ የአራስ ቤት የገባ ካህን የዚያን ቀን አይቀድስም። እሳቸው ደግሞ ቅዳሴ የሚያስታጉል ነገር አጠገብ አይደርሱም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አላስችለኝ አለ።

«አባ፣ ለሴት ለምን ሰማንያ ሆነ?» አልሁ።

«አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ ገነት ገባ። ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገባች። በዚያ ነው።»

«እሷንስ ማን አዘገያት?»

አማቴ ጭኔን ቆነጠጡኝ። አባ የሚቆጡ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ሥርዓት ነው ልጄ። ብዪ፣ ተኚ» አሉና ወደ ውስጥ አማትበው ሄዱ።

ብዪ ተኚ ማለታቸውን አፍሽን ዝጊ ማለት ነው ብዬ ወሰድሁት። እውነቱን ለመናገር እበላም እተኛም ነበር። እስክወልድበት ቀን ድረስ ወፍጮ ላይ ነበርሁ። ከወለድሁ ወዲህ ግን አማቴ እንስራም መጅም አላስነኩኝም። በዚያ ዕድሜያቸው ውኃ ይቀዳሉ፣ ገብስ ይፈጫሉ፣ በረት ይጠርጋሉ፤ ከዚያ የአጃ ገንፎ በቅቤ አድርገው ያቀርቡልኛል። እያቀረቡም ያጉረመርማሉ። «ይህ ሰማንያ የገደለው እኔን ነው» ይሉ ነበር። «ሥርዓት ባይሆን በሰባተኛው ቀን አስነሣሽ ነበር።» ቀልድ አልነበረም፤ ያደርጉት ነበር። እኔ ግን ይህን ከሥርዓቱ ጋር አላገናኘሁትም። ገንፎውን እበላለሁ፣ ሥርዓቱን እረግማለሁ።

በሐምሌ ዝናቡ በረታና የጣሊያንን መኪና ጭቃ ይውጠው ጀመር። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ ድንጋይ እየተሸከመ መንገዱን እንዲሞላ ታዘዘ። ትእዛዙን ይዞ የሚዞረው የአገራችን ጭቃ ሹም ነው። ከኋላው ለጣሊያን ያደሩ ሁለት ባንዶች ጠመንጃ ይዘው ይከተሉታል። እኛ ቤት ሲደርሱ ከወለድሁ ሠላሳ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

ጭቃ ሹሙ፣ ወንዱ የት ነው አለ። አማቴ ለንግድ ደምበጫ ሄዷል አሉ። ደምበጫ አለመሄዱን ጭቃ ሹሙ ያውቃል፤ ማወቁን አማቴም ያውቃሉ። እውነቱ ከተነገረ ቤቱ ይቃጠላል፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ባሌ የክርስትና ልጁ ስለሆነ ቤቱን ማቃጠሉን አልወደደውም መሰል፣ ደምበጫን ዝም ብሎ ተቀበለ።

«እንግዲያው ሴት ትውጣ» አለ። «እርስዎ ድንጋይ አይችሉም። ምራትዎ ትነሣ።»

«አራስ ናት» አሉ አማቴ።

«ከወለደች ወር አልፏት የለም እንዴ?» አለ አንዱ ባንዳ። «የእኔ ሚስት በአሥራ አምስት ቀኗ አጨዳ ወጥታለች።»

መጋረጃውን ገልጬ ነጠላዬን መፈለግ ጀመርሁ። አልዋሽም፣ ግማሽ ልቤ መውጣት ፈልጎ ነበር። ይህን ሰማንያ የሚሰብርልኝ ከተገኘ ጣሊያንም ቢሆን ይምጣ ያልሁ ይመስለኛል። ብድግ ስል ወገቤ ከዳኝና ምሰሶውን ያዝሁ። ደሙ ገና አልቆመም ነበር። እንደዚያ ሆኜ ድንጋይ እንደማልሸከም ገባኝ፤ እምቢ ብል ደግሞ ምን እንደሚመጣ ገባኝ። ልጂቱን ማን ያጠባታል የሚለው ከሁሉ በኋላ ትዝ አለኝ።

አባ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ኋላ ስሰማ ከማለዳ ጀምሮ ጭቃ ሹሙን ከቤት ቤት ሲከተሉት ነው የዋሉት። በሩ ላይ ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸው ከውጭ።

«ምን ወለደች ብለህ ነው የምታስነሣት?» አሉት።

«ምንስ ብትወልድ፣ መምሬ፣ እኔ ምን አገባኝ?»

«ሴት ነው የወለደች። ሰማንያ ነው። ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛ ቀኗ ነው።»

ቆጥረውልኝ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ቀኑን የምቆጥር እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ዝናቡን ከፊቱ ጠረገ። «ጣሊያኑ ሰማንያ አያውቅም» አለ።

አባ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። ድምፃቸውን አላነሡም። «ሰማንያዋ ሳይሞላ ይህችን ሴት ከቤቷ ያወጣ፣ ያስወጣ፣ ሲያወጧትም አይቶ ዝም ያለ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን።»

ግዝት ለወሰን፣ ለሌባ፣ ለደም ሲጣል ሰምቻለሁ። ለእኔ ወገብ ይጣላል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ። የተገዘተ ሰው ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ በቁሙም ማንም አብሮት አይበላም። ባንዳው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና መልሶ አነገተው፤ የሚያደርገው ቢያጣ ነው። ጣሊያን ቢቆጣው ይገርፈዋል፣ አባ ግን ከሞት ወዲያ ባለው አገር ነው የያዙት።

«መምሬ፣ ለፈረንጁ ምን ልበለው?» አለ ጭቃ ሹሙ። ድምፁ አሁን የልመና ነበር።

«አራስ ናት በለው። እሱንም ሴት ናት የወለደችው።»

ሄዱ። አማቴ መድረኩ ሥር ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። አባ ግን አልሄዱም፤ ከጣራው ክፈፍ ሥር ዝናቡን ተጠልለው ቆሙ። እኔ ምላሴን መግታት የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜም አልቻልሁም።

«አባ፣ ርኩስ ስለሆንሁ የተከለከልሁ መስሎኝ ነበር» አልኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ሜዳው እንዳዞሩ መለሱልኝ። «አባቶቻችን ሕጉን ሲሠሩ ባልን ያውቁታል፤ አማትን ያውቋታል፤ ሹምን ያውቁታል። እዘኑላት፣ አሳርፏት ብለው ቢጽፉ ስንት ሰው ይሰማቸው ነበር? አትንኳት ሲሉ ግን ሁሉም ፈራ። ዳገት ወጥተሽ ቅዳሴ አትቁሚ፣ አትስገጂ፣ አትጹሚ ያሉሽ ሊያባርሩሽ አይደለም። ሊያስተኙሽ ነው።»

«ታዲያ ለሴት እጥፍ የሆነው?»

«የሔዋንን ነግሬሻለሁ። ከዚያ ሌላ ተጽፎ አላገኘሁም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እኔን እንደሚመስለኝ ግን፣ ሴት ለወለደች የሚያዝንላት ሰው ስለሚያንስ ነው» አሉ።

አማቴ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ልጂቱ በተወለደች ሰዓት መጀመሪያ ምን እንዳሉ ሁለታችንም አስታወስን፤ አንዳችንም አላነሣነውም። ሠላሳ ሦስት ቀን ሙሉ ያላገጥሁበት ነገር እኔን ከብቦ የቆመ አጥር ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ ስነቅለው ነበር። ማፈር ብቻ አይደለም የተሰማኝ። ደነገጥሁ። እንዲህ ተሳስቼ የጠላሁት ሌላ ስንት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነው የደነገጥሁ።

አባ ሲሄዱ አማቴ ወደ ምድጃው ተመለሱና ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ። የገበታው ሰዓት አልነበረም። ቅቤውን ከወትሮው አብዝተው አፈሰሱበት። «ብዪ» አሉኝ፤ አላጉረመረሙም። ከዚያ ልጂቱን ከጎኔ አንሥተው ታቀፏትና ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ሲያዩዋት ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ መካከለኛ ነገር አላውቅም። ያን ሁሉ ስድቤን በአንድ ጊዜ ወደ ፍቅር ገለበጥሁትና ሰማንያዋን ሙጭጭ አልኋት። በከሰል ምሰሶው ላይ እያሰመርሁ ቆጠርሁ። ፍልሰታ ሲገባ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሲጾሙ፣ አማቴ ገንፎዬ ላይ ቅቤ ያደርጉና ሽታው ጾማቸውን እንዳይገድፍባቸው አፍንጫቸውን ወዲያ ያዞራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በእልህ ልጹም ብዬ እከራከር ነበር። አሁን ግን በላሁ። አራስ አትጾምም፣ ሥርዓት ነው እያልሁ፣ ራሴ ለአማቴ እያስተማርኋቸው በላሁ። ስሕተቴም የመጣው ከዚሁ ከአዲሱ ፍቅሬ ነው።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ልጂቱን ሳል ጀመራት። ጮቄ ሥር ነሐሴ ማለት ብርዱ ከመሬት የሚወጣበት ነው። መጀመሪያ ጡት ይዛ ትተው ጀመር፤ በኋላ ጭራሽ አልይዝ አለች። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አምሳ ሰባተኛ ቀኗ ነበር። አማቴ ወደ በራፉ ብርሃን አውጥተው አዩዋትና ምንም ሳይሉ መለሱልኝ። ያኔ ገባኝ።

የፈራሁት ሞቷን ብቻ አልነበረም። ሳትጠመቅ ከሞተች ቅጥር ውስጥ አትቀበርም፤ ስም የላትምና ስሟን የሚያነሣ ጸሎትም የለም። የትም ቆፍረው እንደሚጥሏት ነው የታየኝ። ለጥምቀቷ ደግሞ ገና ሃያ ሦስት ቀን ይቀራል። ቄስ ይጠራ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። እንዴት ይመጣል? ሰማንያ ነው፤ አባ በግዝት ያጠሩት ሰማንያ። እሱን አፍርሱልኝ ብዬ በምን ዓይኔ እልክባቸዋለሁ? ፍልሰታም ነው፤ ቅዳሴ በየቀኑ አለ፤ በደብራችን የቀሩት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው። ያለ ሁለቱ አይቀደስምና አንዱ የአራስ ቤት ከገባ ቅዳሴው ይታጎላል። አማቴም ከእኔ የተሻለ አያውቁም፤ ሲያድጉ የሰሙት አርባና ሰማንያን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄን አቅፌ ለመንኋት። ሃያ ሦስት ቀን ብቻ ቆዪልኝ አልኋት። ትንፋሽ ያጠራትን ሕፃን ቀን ሙዪልኝ ብዬ ለመንሁ። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በማግሥቱ ጠዋት አማቴ «ጸበል ላምጣላት» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ያሰቡት ጸበሉን በቅል ቀድተው መመለስ ብቻ ነው። ከወጡ ብዙም ሳይቆዩ በጭቃው ላይ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ባንዶቹ መስለውኝ ልጂቱን ጉያዬ ውስጥ ከተትኋት። የመጡት አባ ናቸው። ጥምጣማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ወድቋል፤ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ይዘዋል። በሩ ላይ አልቆሙም። መድረኩን ተሻግረው ገቡ።

ያቺ እርምጃ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። ቤት ሲነድ ያየሁበት ዘመን ነው፤ የማውቀው ሰው በገበያ መካከል ተሰቅሎ ያየሁበት ዘመን ነው። እንደዚያች እርምጃ ያስደነገጠኝ ግን የለም።

«ለምን አልላክሽብኝም?» አሉ። ተቆጥተው ነበር።

«ሰማንያዋ አልሞላም፣ አባ።»

«ማን ነው ለታመመ ልጅ ሰማንያ ያለው?»

አዩኝ። ቁጣው ከፊታቸው ወረደና ሌላ ነገር መጣበት፤ ራሳቸውን የከሰሱ ይመስለኛል። «ልጄ፣ ሰማንያው ለጤነኛ ነው። የታመመች እንደሆነ በተወለደች ዕለትም ትጠመቃለች፤ ቤትም ሆነ መንገድ ላይ። ይህም ሕግ ነው። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፉት። ማንም አልነገረሽም?»

ማንም አልነገረኝም። ደነገጥሁና ተናደድሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። የሚከለክለውን ሲነግሩን የኖሩ ሰዎች የሚፈቅደውን ለምን ዋጡት? ስንት ሴት እንደ እኔ ቀን እየቆጠረች ልጇን ሳታስጠምቅ ቀብራ ይሆን? ይህን ለአባ አላልኋቸውም፤ ከፊቴ እንዳነበቡት ግን አውቃለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ጥምጣማቸውን እንደገና ይጠመጥሙ ጀመር።

«ቅዳሴውስ?» አልሁ።

«ዛሬ ታጎለ» አሉ። ቅዳሴ እንዲታጎል ያደረገ ዲያቆን ላይ ስንት ቀኖና የሚጥሉ ሰው፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው አድርገው ነው የተናገሩት።

አማቴ ትንፋሻቸው ተቆርጦ ደረሱ። ሊጡን የሚያቦኩበትን ገበቴ አጥበው ውኃ ሞሉበት። አባ ጣታቸውን ከተቱና ቀዘቀዘ አሉ፤ ምድጃው ላይ ካለው ማሰሮ ሙቅ ውኃ አስጨመሩበት። እንደገና በክንዳቸው ለኩት፤ ልክ እናት ልጅ ልታጥብ ስትል እንደምታደርገው። ከዚያ ጸሎቱን ጀመሩ። አማቴ ክርስትና እናት ሆነው ተቀበሏት። ከእንዝርታቸው ክር ሳብ አድርገው በጠሱና አባ ባርከው አንገቷ ላይ አሰሩላት። ስም ወጣላት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔና የእሷ ነው። ውኃው ሲነካት አለቀሰች፤ ለሁለት ቀን ድምፅ አልነበራትም። የምትድን መሰለኝ።

አባ እስከ ማምሻው አብረውን ተቀመጡ። እህል አልቀመሱም። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው በደጃችን ሲያልፍ «ቅዳሴው ለምን ቀረ?» ሲል እንሰማዋለን፤ አባ ወጥተው አልመለሱለትም። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ልጄ እጄ ላይ ሞተች።

አምሳ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ጣሊያን ከኮረብታው ላይ ምሽግ ስለሠራና ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ስለሚተኩስ ቀባሪ አልተጠራም። አማቴ ልጂቱን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፉና ተነሡ። እኔም ተነሣሁ።

«አንቺማ የት?» አሉኝ። ሊከለክሉኝ ፈልገው አይደለም፤ በእርግጥ ገርሟቸው ነው።

አራስ ቅጥር አትገባም። የተጠመቀች ልጅ ቅጥር ውስጥ ትቀበራለች። ሁለቱንም አምኛቸዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን አማቴን ገፍትሬ እሄድ ነበር፤ አላምንበትማ። አሁን ግን ያመንሁበት ነገር ከልጄ መቃብር ሲያስቀረኝ በየት በኩል እንደምጮህ አላውቅም። መደቡ ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። እጄ ባዶ ሆኖ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።

አባ በዚህ መካከል መጡ። ማለዳ መርዶውን ሰምተው ወዴት እንደሄዱ አላየንም ነበር። ዛሬም በር ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። «ትምጣ» አሉ።

«አባ፣ ሰማንያዋ እኮ አልሞላም» አሉ አማቴ።

«አውቃለሁ። ቅጥር አትገባም። ትምጣ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ሄድሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ቅጥር መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ቆሞ የሚጸልየው እዚያ ነው፤ ከዚያ ሆኜ ከሩቅ እንዳይ ሊያደርጉኝ ነው ብዬ አሰብሁ። አባ ግን በሩን አልፈው በውጭ በኩል ወደ ጀርባው ዞሩ። በዚያ በኩል ጣሊያን ለመንገዱ ብሎ የቅጥሩን ድንጋይ አስነሥቶ ወስዶታል። የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው፣ ጉልበት አይደርስም። ከመሠረቱ ወዲያ፣ ድንጋዩን ተጠግታ፣ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍራለች። ዶማው አጠገቧ ተጋድሟል። የአባ ቀሚስ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር፣ እጃቸውም ቆስሏል።

ውስጥ ስንት ባዶ ቦታ አለ፤ ሕፃናት የሚቀበሩበት ከወይራው ሥር ያለው ቦታ አፈሩ ለስላሳ ነው። እሳቸው ግን ድንጋዩ የበዛበትን ይህን ጥግ መርጠው ብቻቸውን ሲቆፍሩ አርፍደዋል።

«ልጂቱ ውስጥ ናት፤ አንቺ ውጭ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ በበሩ ዞረው ገቡና ከመሠረቱ ወዲያ ከፊት ለፊቴ ቆሙ። አማቴ ልጂቱን ሰጡኝ።

«አባ፣ ጥልቀቱ አነሰ» አልሁ። ያሰብሁት ጅቡን ነው።

«ክንድሽ እንዲደርስ ብዬ ነው። አንቺ ስትጨርሺ ድንጋይ እከምርበታለሁ።»

እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከክሁና ደረቴን በመሠረቱ ድንጋይ ላይ አሳረፍሁ። ሁለት እጄን ወደ ውስጥ ዘረጋሁ። ጉድጓዱ ልክ የክንዴን ያህል ነበር። አባ ፍትሐቱን ሲጀምሩ ልጄን እኔ ራሴ በእጄ አስተኛኋት፤ እግሬ ከቅጥሩ ውጭ ነበር።